ቄራ ያለው መከስከሻ

ጅሩ፣ መጋቢት 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለፍሬሰላም፤

ጾሙ እንዴት ይዞሻል? እኛ ቸሩ ፈጣሪ ሳይለየን አለን። ጀማነሽ ጉንጭሽን ትስማለች፣ ልጃችን ኪዱም እጅ ይነሳል። እዚህ የስልክ መስመር ከጠፋ ወራት ስላለፉ እንደ ድሮ ሰው ወደ ወረቀት ተመልሰናል። ይህን የሚያደርስልሽ በአይሱዙ ጤፍ የሚያመላልሰው ነጋሲ ነው፤ መልሱንም እህል ከሚያራግፍበት የቄራው ወፍጮ ቤት ብታስቀምጪለት ያመጣልኛል።

የካዛንቺሱ ቤት ፈረሰ ሲባል የት ትገባ ይሆን ብለን ተጨንቀን ነበር፤ ቂርቆስ ቤት ማግኘትሽን ስንሰማ እፎይ አልን። አባትሽ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ የአጎቴ ልጅ ቢሆንም የኖርነው እንደ አንድ እናት ልጆች ነው። ስለዚህ ሳላፍር አስቸግርሻለሁ።

ጉዳዩ የኪዱ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሞልቶታል፣ ልቡም ከቤት ወጥቷል። እኩዮቹ በጅቡቲ በኩል ባሕር ተሻግረው ሳውዲ ገቡ እየተባለ በየቀኑ ይወራል፤ እሱም ከእኛ ጋር ተቀምጦ ከእኛ ጋር የለም። አንድ ነገር ብቻ ነው የሚያስቀረው። ጎረቤታችን አቶ ተስፋለም ትራክተርና ማረሻ አለው፤ ማረሻው የገለበጠውን ጓል የሚሰባብርለት መከስከሻ ግን የለውም። «መከስከሻ ካመጣችሁ ልጃችሁ ትራክተሬን ይነዳል፣ የተገኘውን እኩል እንካፈላለን» ብሎ በሽማግሌ ፊት ቃል ሰጥቶናል። እኔም ጥማድ በሬዎቼን ሸጥሁ፤ ገንዘቡ በስምሽ ባንክ ገብቷል። ነጋሲ ቄራ አንድ ግቢ ውስጥ ያገለገለ መከስከሻ ለሽያጭ ቆሞ አይቷል፤ ባለቤቷ ወይዘሮ ዙለይካ ትባላለች። የኔ ወገብ አውቶቡስ ስለማይችል ዓይኔ አንቺ ነሽ። ክረምቱ ሳይገባ መከስከሻው እዚህ ከደረሰ ልጄ ቀረልኝ ማለት ነው።

የመንግሥት እርሻ ላይ ትራክተር ስነዳ ያረጀሁ ነኝና የምልሽን ልብ በዪ። ቀለሙን አትመኚ። አሮጌ ብረት አዲስ ቀለም ከተቀባ የሚደብቀው ነገር አለው። ሳህን የመሰሉት ክብ ብረቶች ዲስክ ይባላሉ፤ አዲስ ሲሆኑ ከጫፍ እስከ ጫፍ ስድሳ ሴንቲ ያህል ናቸው። በሜትር ለኪያቸው፤ ወደ ሃምሳ ከወረዱ መሬት በልቷቸዋል፣ ተዪው። አንዱ ትልቅ አንዱ ትንሽ ከሆነም እኩል አይነክስም። በመሐላቸው ካለው ቀዳዳ ዙሪያ ፀጉር የሚያህል ስንጥቅ እንዳይኖር በጥፍርሽ ዳብሺው። ዋናው ደግሞ ዲስኮቹ የሚዞሩበት ኩሽኔታ ነው። በክሪክ ከመሬት ያስነሱልሽና ዲስኮቹን በእጅሽ አሽከርክሪ። ደህና ከሆነ ዝም ብሎ ይዞራል፤ ከተንቋቋ ወይም ወዲያ ወዲህ ከተወላገደ አልቆለታል። በመጨረሻ ቴላዮውን፣ ማለት ሁሉን የተሸከመውን የብረት አጽም፣ የተበየደበትን ቦታ በቁልፍ ፈቅፍቂው። ከቀለሙ ሥር ስቱኮ ከወጣ ተሰብሮ የተለሰነ ነው።

የቢሮ ልብስሽን ለብሰሽ እንዳትሄጂ። ግራሶ ልብስ ላይ ካረፈ ወዲያ የሚያስለቅቀው የለም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላልና ተረጋግተሽ እዪው።

አጎትሽ አጥናፉ


ቂርቆስ፣ መጋቢት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለማከብርዎ ለጋሽ አጥናፉ፤

እንደምን ከርመዋል? የወገብዎ ነገር ያሳስበኛል፤ እግዚአብሔር ብርታቱን ይስጥዎ። እትዬ ጀማነሽን ይሳሙልኝ። እኔ ደህና ነኝ። አዲሱ ቤቴ አንድ ክፍል ነው፤ ከቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ስለሆነ ቅዳሴው አልጋዬ ድረስ ይሰማኛል። ከካዛንቺስ የናፈቀኝ ጎረቤቶቼ ብቻ ናቸው፤ አንዱ ለሚ፣ አንዱ ገላን ገብቶ ሁላችንም ተበታተንን።

ቅዳሜ ከቢሮ እንደወጣሁ ቄራ ሄድኩ። ግቢው ከሥጋ ቤቶቹ በስተጀርባ ነው። ወይዘሮ ዙለይካ ጥሩ ሴት ናቸው፤ ባለቤታቸው በሕይወት ሳሉ እርሻ ነበራቸው፣ አሁን ዕቃውን አንድ በአንድ እየሸጡ ነው። መከስከሻው አረንጓዴ ቀለም ተቀብቷል። እኔም እንዳሉኝ አልተመኘሁትም፣ ተጠራጠርኩት። ዲስኮቹን ሁሉንም ለካሁ። ትልቁ ሃምሳ ስምንት ነው፣ ከዚያ ያነሱትም ልዩነታቸው የጣት ስፋት እንኳ አይሞላም። በጥፍሬም ዳበስኩ፤ ስንጥቅ አላገኘሁም፣ ጥፍሬ ግን ተሰብሯል፤ ይቺን ውለታ ይያዙልኝ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ግን አልቻልኩም። ክሪክ ስጠይቅ ዘበኛው «እህቴ፣ ይሄ እኮ መኪና አይደለም፣ ጎማ ልትቀይሪለት ነው?» ብሎ ሰው ፊት ሳቀብኝ። ከሥሩ ልገባ ተንበረከክሁና የሥጋ ቤቱ ልጆች ቆመው ሲያዩኝ አፈርኩ፣ ተነሳሁ። እውነቱን ልንገርዎ፣ ጋሼ፣ እኔ ማኅደር እንጂ ብረት አላውቅም። ፈራሁ። ሁለት በሬ ነው የሸጡት፤ ከበሬውም በላይ የኪዱ ነገር ነው። ተሳስቼ ብገዛውና ማሳ መሐል ቢሰበር በምን ዓይኔ አይዎታለሁ? ስለዚህ የሚያውቅ ሰው ፈልጌ ተመልሼ እሄዳለሁ። ወይዘሮ ዙለይካ እስከ ፋሲካ ለሌላ ሰው አልሸጥም ብለውኛል።

ኪዱን በርታ ይበሉልኝ። የስልኩ መስመር ሲመለስ ትራክተር ላይ ተቀምጦ ፎቶ እንዲልክልኝ እጠብቃለሁ።

ልጅዎ ፍሬሰላም


ጅሩ፣ መጋቢት 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለፍሬሰላም፤

ደብዳቤሽ በደህና ደረሰኝ። የደከምሽበትን እግዚአብሔር ይቁጠርልሽ። ሁላችንም ደህና ነን። ጀማነሽ ሰላም ትልሻለች፣ ኪዱም ሰላም ይልሻል።

ዲስኮቹ ሃምሳ ስምንት ከሆኑና እኩል ከሆኑ ለኔ ይበቃል። ያንን ሁሉ ፍተሻ ያልሁሽን ተዪው። ኩሽኔታ ቢያልቅ ኩሽኔታ ይገዛል፣ ቴላዮ ቢሰነጠቅ ብየዳ አለ፤ እኔ ወገቤ እንጂ እጄ አልሞተም፣ እዚህ አበጀዋለሁ። ግዢውና በነጋሲ ስደጂልኝ። ትናንት ተረጋጊ ብለህ ዛሬ ለምን ቸኮልህ አትበዪኝ። የሽማግሌ ሐሳብ ቶሎ ይለዋወጣል።

ፍሬ፣ በማርያም ይዤሻለሁ። ቶሎ አድርጊው።

አጎትሽ አጥናፉ


ቂርቆስ፣ ሚያዝያ 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለማከብርዎ ለጋሽ አጥናፉ፤

ለብርሃነ ትንሣኤው በሰላም ያድርስልን። ደብዳቤዎን አንብቤ አዘንኩም ተገረምኩም። መጀመሪያ እንዲያ አድርገው አስተምረውኝ አሁን ዓይንሽን ጨፍነሽ ግዢ ይሉኛል። ይቆጡኝ እንጂ አልገዛሁትም፤ ምክንያቱን ሲሰሙ ያመሰግኑኛል።

እንደ ቃሌ የሚያውቅ ሰው ይዤ ሄድኩ። ክሪክ ከጎረቤት ጋራዥ ተዋሰ፣ ራሱ ከሥር ገባ፣ እኔ ቦርሳውን ይዤ ቆምኩ። በግራ በኩል ያሉት ኩሽኔታዎች አልቀዋል አለ። እጄን ይዞ ዲስኩ ላይ አስቀመጠና አስነቀነቀኝ፤ «ይሄውልሽ፣ ጥርሱ የተነቃነቀ ሽማግሌ ማለት ነው፤ ሲስቅልሽ ደህና ይመስላል፣ ቆሎ ስትሰጪው ያለቅሳል» አለኝ። እኔ ብዙም ሲነቃነቅ አልታወቀኝም፤ ግን እኔ ምን አውቃለሁ? የቴላዮው የኋላ ብየዳም በስቱኮ የተለሰነ ነው አለ። ይኼ ከሥር ስለሆነ በዓይኔ አላየሁትም። ሲወጣ ፊቱ ሁሉ አቧራ ሆኖ «በቃ፣ ቆሻሻ ነው፤ ሰውየውን ሊያከስሩት ነው» አለኝ።

ስለዚህ ትንሽ ጊዜ ይስጡኝ፤ ከፋሲካ በኋላ ሌላ እፈልጋለሁ። ኪዱ ሰላም ብሎኛልና ደስ ብሎኛል። ጨዋ ልጅ ነው ያሳደጉት፤ እንደሚያስፈራዎ አይደለም፤ አያስቡ።

ልጅዎ ፍሬሰላም


ጅሩ፣ ግንቦት 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለፍሬሰላም፤

እንኳን ለበዓሉ አደረሰሽ። መልስ ያዘገየሁት ታምሜ አይደለም። የምጽፈው ስላልነበረኝ ነው፤ አሁን አለኝ።

ፋሲካ ለአገሩ ሁሉ ሆነ፣ እኛ ቤት ዶሮ አልታረደም። ኪዱ የለም። መጋቢት አጋማሽ ላይ ለእናቱ ደብረ ብርሃን የቀን ሥራ አገኘሁ ብሏት ወጣ፤ ከዚያ ወዲህ አልተመለሰም። ደብረ ብርሃን ሰው ልኬ አፈላለግሁ፤ ያየው ሰው አልተገኘም። ባለፈው ደብዳቤ ኪዱም ሰላም ይልሻል ብዬ ስጽፍልሽ ከቤት ከወጣ ሳምንት አልፎት ነበር።

ለምን እንዲያ እንደጻፍሁ ልንገርሽ። ደብዳቤ መጻፍ ከተማርሁ ጀምሮ የቤቱን ሰው ሰላምታ ሁሉ ሳላደርስ ፈርሜ አላውቅም። የአንዱን ስም ብትዘዪ ምን ሆነ ይባላል። ደግሞ ገበና ነው። የአጥናፉ ልጅ ጠፋ ተብሎ በየመናኸሪያው እንዲወራብኝ አልፈለግሁም፤ ተስፋለምም ከሰማ ሌላ ነጂ ይቀጥራል ብዬ ፈራሁ። ለፋሲካ መምጣቱ አይቀርም ብዬ ጠበቅሁ። ጀማነሽ በዓሉን በር በሩን ስታይ ዋለች። አሁንም ደብረ ብርሃን ነው፣ ለእርሻ ይመጣል እያልሁ አጽናናታለሁ።

አሁን አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ያንን የጥርስ ነገር ያለሽ ማን ነው? ጥርሱ የተነቃነቀ ሽማግሌ ሲስቅ ደህና ይመስላል የምለው እኔ ነኝ። ለኪዱ ኩሽኔታ ሳስተምረው ያልሁት ነው፤ ከሌላ ሰው አፍ ሰምቼው አላውቅም። ደብዳቤሽን ያን ጊዜ ሳነበው ልቤ ደነገጠ፣ ለራሴ ግን አይሆንም አልሁት። አብሮሽ የነበረው ማን ነው? እንዳሰብሁት ከሆነና አሁንም አንቺ ዘንድ ካለ እግሩ ላይ ውደቂ፣ በሩን ቆልፊበት። በቃሬዛም ቢሆን ተሸክመውኝ እመጣለሁ።

አጥናፉ


ቂርቆስ፣ ግንቦት 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሽ አጥናፉ፤

ምን ብዬ ሰላም እንደምልዎ አላወቅኩም። አዎ፣ እሱ ነበር።

የመጀመሪያ ደብዳቤዬን ለነጋሲ ባስቀመጥኩ በማግስቱ በሬን አንኳኳ። ደነገጥኩ፤ እርስዎ የጻፉልኝ ትዝ አለኝና ገና ሳይቀመጥ «ልትሄድ ነው?» ብዬ በቀጥታ ጠየቅኩት። ሳቀብኝ። «እሄዳለሁ ብዬማ አንቺ ጋ አልመጣም ነበር። መከስከሻውን ላየው ነው የመጣሁት፤ የምነዳው እኔ አይደለሁ?» አለኝ። ለምን አባትህ አልጻፉልኝም ስለው ደግሞ «ለአባዬ ደብረ ብርሃን ሥራ ነው ያልኩት። አንቺ ተልከሽ ሳለ እኔ ከኋላ ከመጣሁ ፍሬ እንዳልታመነች ይቆጠርባታል ብሎ አይፈቅድልኝም። አይተነው ስንጨርስ በቃ ወደ ቤቴ ነኝ፤ እስከዚያ አትጻፊለት» አለኝ። አመንኩት። እውነቱን ልናገር፣ ደስም አለኝ። ከዚያ ብረት ሥር የምገባው እኔ መሆኔ ቀረልኝ።

የርስዎ ደብዳቤ የደረሰኝ እሱ ቤቴ ሳለ ነው። ኪዱም ሰላም ይልሻል የሚለውን ሳነብ ፊት ለፊቴ ተቀምጦ ሽሮ እየበላ ነበር። ልጃቸው ቢጠፋባቸው ኖሮ እንዲህ አይጽፉም፤ ያለበትን ያውቃሉ፣ ልባቸው አርፏል ማለት ነው አልኩ። ያችን አንዲት መስመር ይዤ ነው ዝም ያልኩት፣ ጋሼ። ጠፋ ብለው ጽፈው ቢሆን ኖሮ በጥርሴ እይዘው ነበር። ለእሱም ደብዳቤውን ሰጠሁት። አነበበው፣ አጣጥፎ መለሰልኝ፣ ከዚያ ወዲያ እጁን ታጠበ። ጠገብኩ አለኝ።

በማግስቱ ቄራ ሄድንና ያንን ሁሉ ነገረኝ፤ እኔም እንዳለኝ ጻፍኩልዎ። ደብዳቤውን ወፍጮ ቤት ወስዶ ያስቀመጠው ራሱ ነው። ላምበረት መናኸሪያ ድረስ ሸኘሁት። ዳቦና ቆሎ ቋጥሬለት ነበር፤ የደብረ ብርሃን አውቶቡስ ውስጥ ገብቶ በመስኮት እጁን ሲያወዛውዝልኝ አይቻለሁ። የት እንደወረደ አላውቅም።

ደብዳቤዎ እንደደረሰኝ ከቢሮ ወጥቼ ቄራ ሮጥኩ። ጋራዥ ያለው ደጋጋ የሚባል ሰው ለምኜ መከስከሻውን በክሪክ አስነሳሁት። ዲስኮቹ ሁሉም ዝም ብለው ዞሩ፤ በግራም በቀኝም። እኔም ከሥሩ ገባሁ፣ በቢሮ ልብሴ፣ ማን እንዳየኝ ግድ አልነበረኝም። ስቱኮ የለም። ብየዳው የፋብሪካ ነው። ደጋጋ «ይሄን መጥፎ ነው ያለሽ ማነው? ሰውየው ወይ አያውቅም ወይ አትግዢ ሊልሽ ፈልጓል» አለኝ። እዚያው መሬት ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። መጥፎ ያለው ደህና ስለነበር ነው። መከስከሻው ቢገዛ እሱ ከስደቱ መቅረቱ ነው።

የኪዱ ስልክ ዝግ ነው። ቀንም ማታም እሞክራለሁ። ይቅር ይበሉኝ ለማለት እንኳ አፌ አልቻለም።

ፍሬሰላም


ጅሩ፣ ግንቦት 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ፍሬሰላም፤

ደብዳቤሽን አንብቤ ውጭ ወጣሁ፤ ተመልሼ አነበብሁት፤ ደግሜ ወጣሁ። የተናደድሁትን ያህል ብጽፍልሽ ወረቀቱ ይቃጠላል። ልጄን አብልተሽ፣ ስንቅ ቋጥረሽ፣ እስከ አውቶቡስ ሸኝተሽ ወደዚያ ሰደድሽው። እንዲህ ማለት ኀጢአት እንደሆነ አውቃለሁ። ሳልለው ብቀር ግን ይገድለኛል።

አሁን ብዬዋለሁ። ያቺን ሰላምታ የጻፍሁት ደግሞ እኔ ነኝ። አንቺ ዝም አልሽ፣ እኔ ዋሸሁ፣ እሱ በመሐላችን ሹልክ ብሎ ሄደ። ካንዳችን አፍ አንዲት እውነት ብትወጣ ኖሮ ዛሬ ከቤቴ ነበር።

መከስከሻውን ግዢው። ዛሬ ነገ ሳትዪ ግዢው። ስልኩ የተከፈተ እንደሆነ ብለሽ መልእክት ጻፊበት፦ ተገዝቷል፣ የራስህ ነው፣ ተስፋለም እስከ ሰኔ ይጠብቅሃል፣ አባትህ አልተቆጣም በዪው። ጅቡቲ ገና ካልደረሰ ይመለሳል። ያ ልጅ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ትራክተር ሲያይ እህል የማይበላ ነበር፤ መከስከሻው እንዳለ እያወቀ ጨክኖ ባሕር የሚሻገር አይመስለኝም። አብረውት የወጡ አሉ ይባላል፤ አንዱ የጎረቤታችን ልጅ ፋኑኤል ነው። የእሱንም ቁጥር በሌላ ቁራጭ ወረቀት ጽፌ አያይዤልሻለሁ፣ ሞክሪ። በኪዱ በኩል ያንቺ ቁጥር እንዳለው አልጠራጠርም።

ለጀማነሽ ካንቺ ዘንድ እንደነበረ አልነገርኋትም። አልነግራትምም።

አጥናፉ


ቂርቆስ፣ ሰኔ 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለማከብርዎ ለአጎቴ ለአቶ አጥናፉ፤

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እግዚአብሔር ከእርስዎና ከእትዬ ጀማነሽ ጋር ይሁን። እኔ ደህና ነኝ።

መከስከሻው ተገዝቷል። ደጋጋ ግራሶ አስገብቶለት፣ ብሎኖቹን አጥብቆ፣ ለጉዞ አዘጋጅቶታል። ወይዘሮ ዙለይካ ለእርስዎ መልካም ምኞታቸውን ልከዋል። ነጋሲ ይህን ደብዳቤ አድርሶ ሲመለስ ይጭነዋል።

እኔም አብሬ እመጣለሁ። ከቢሮ ፈቃድ ወስጃለሁ። የካዛንቺስ እድራችን፣ ሰፈሩ ቢፈርስም፣ እሱ እንዳለ ነው፤ አባቴን የሚያውቁ ሁለት አባቶች አገሩን ለማየት ብለው አብረውኝ ይመጣሉ። የምንደርሰው በማለዳ ይሆናል፤ ሌሊቱን እነዋሪ ከተማ እናድራለን። የንስሐ አባታችሁ በዚያ ሳምንት ከሰፈር ባይርቁ መልካም ነው። እትዬ ጀማነሽ ምግብ ለማዘጋጀት ብቻቸውን እንዳይደክሙ እህታቸው መጥተው ቢሰነብቱ ደስ ይለኛል። እርሻውንም ለጥቂት ቀን ይተዉት፤ ከቤት አይራቁ።

ሌላውን ስንገናኝ እንጫወታለን። የምጽፈው ይኸው ነው።

ልጅዎ ፍሬሰላም


ጅሩ፣ ሰኔ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለፍሬሰላም፤

ነጋሲ ደብዳቤውን ሲሰጠኝ ወደ መሬት እያየ ነበር። ነግረሽው ይሆናል፤ ወይም አልነገርሽውም፣ ሰው ግን ያውቃል። ከግቢው በስተጀርባ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ አነበብሁት። ገብቶኛል።

መከስከሻ ለማድረስ ሁለት ሽማግሌ የሚያስከትል የለም። ከልጅነትሽ ጀምሮ ይህን አገር ረግጠሽው አታውቂም። የንስሐ አባት አይራቁ፣ እህቷ ትምጣ፣ ከቤት አትራቅ፣ በማለዳ እንደርሳለን። እኔም እኮ በስንቱ ደጅ ጎሕ ሳይቀድ ከሽማግሌ ጋር ቆሜያለሁ፤ ውሻው እንዳይጮህብን ዳቦ ይዘን ነበር የምንሄድ። መርዶ በወረቀት አይነገርምና ደንቡን ጠብቀሻል። አባትሽ በሕይወት ቢኖር ባንቺ ይኮራ ነበር። በየት በኩል እንደሆነ፣ ባሕሩ ይሁን በረሃው፣ ማን እንዳየውና ማን እንደደወለልሽ አሁን አትጻፊልኝ። ስትመጪ ለብቻዬ ወስደሽ ትነግሪኛለሽ። አፈር አግኝቶ ከሆነም እሱን ትነግሪኛለሽ።

ስለ ይቅርታው አስቤበታለሁ። ይቅር ብዬሻለሁ ብዬ ልጽፍ ብዕሩን አንስቼ ነበር፤ ገና አልመጣልኝም። እንዲመጣልኝ እጸልያለሁ። አንቺም ለኔ ጸልዪ፣ እኔም ራሴን ይቅር አላልሁም።

መከስከሻው ግን ይምጣ። ለተስፋለም ነግሬዋለሁ፤ ነጂ ይቀጥርበታል። ደህና ብረት ቄራ ቆሞ ዝናብ አይብላው።

አንድ ነገር ብቻ አደራ እልሻለሁ። ለጀማነሽ መከስከሻው ተገዝቶ እየመጣ ነው ብያታለሁ፤ ከዚያ ሌላ የነገርኋት የለም። እሷ ኪዱም አብሮ ይመጣል ማለት ነው ብላ ለራሷ ወሰነች፤ እኔም አይደለም አላልኋትም። ከዚያ ወዲህ ቤቱን ትለቀልቃለች፣ የልጁን ብርድ ልብስ አጥባ አጥር ላይ አስጥታለች። ትናንት ወፍጮ ቤት ስትሄድ ስታንጎራጉር ሰማኋት፤ ከፋሲካ ወዲህ ድምፅዋን እንዲህ ሰምቼው አላውቅም። ሽማግሌዎቹ ደጄ ላይ ሲቆሙ እኔም እንዳልሰማ ሰው ሆኜ አብሬያት እጮኻለሁ። ለብቻዋ እንድትሰማው አልፈልግም።

ነጋሲን ሐሙስ ተነሣ ብለሽው ኖሯል። እኔ ቅዳሜ ይሁን ብዬዋለሁ። መንገዱም ጭቃ ነው፣ ጭነቱም ከባድ ነው። ቀስ ብላችሁ ኑ።

አጎትሽ አጥናፉ